ደጃፍ ሲንኳኳ
ስለ ቤት ብርበራ ሕጉ የሚለውን በሚመለከት በእድራችን ጉባኤ ላይ የተሰማ ንግግር

(በጠቅላላ ጉባኤው ላይ በኮሚቴው ስም የተነበበ። ያልተገኙ አባሎች እንዲያነቡት፣ ማንበብ ለማይችሉም እንዲነበብላቸው በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ዛሬ የምንነጋገረው እንደ ወትሮው ስለ ድንኳን፣ ስለ ወንበርና ስለ ወርኃዊ መዋጮ አይደለም። ባለፈው ጊዜ በጭቅጭቅ ስለተበተንንበት ስለ እድራችን ሣጥን ነው፤ ከሣጥኑም በላይ፣ ሣጥኑ እንዴት ከሰው ቤት ወጣ ስለሚለው ነው።

ነገሩን የማያውቅ ባይኖርም በጽሑፍ እንዲቀር እንደገና እናነሣዋለን። ገንዘብ ያዣችን በሆኑት እናታችን ቤት አንድ ሌሊት፣ 8 ሰዓት ግድም፣ በሩ ተንኳኳ። «ፍተሻ ነው፣ እማማ ይክፈቱ» ተባሉ፤ ከፈቱ። የመጡት ሰዎች አልጋውን ገለበጡ፣ መሶቡን ከፈቱ፣ ለዘር የተቀመጠውን ሽምብራ ከጎታው አውጥተው መሬት ላይ ዘረገፉት። ምን እንደሚፈልጉ አልተናገሩም። ሲወጡ የእድሩን መዝገብና የአራት ወር መዋጮ የያዘችውን ትንሿን የብረት ሣጥን፣ የልጃቸውንም የእጅ ስልክ ይዘው ሄዱ። የወሰዱትን ጽፈው አልሰጡም፤ ያስፈረሙትም ሰው የለም። በማግሥቱ እናታችን ሣጥኑን ፍለጋ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲመላለሱ ዋሉ፤ «እኛ አልላክንም» ከሚል መልስ በቀር ያገኙት ነገር አልነበረም። እውነተኛ ፖሊሶች ይሁኑ፣ ልብሱን የለበሱ ሌቦች ይሁኑ፣ እስከ ዛሬ ቁርጡን የሚያውቅ የለም።

ታዲያ ባለፈው ጉባኤያችን ምን አደረግን? ገሚሶቻችን «የእድር ገንዘብ የጠፋው በእጃቸው ነውና ይክፈሉ» አልን። ሌሎቻችን «ሰዎቹ ስንት ነበሩ? ማን ይባላሉ? ከየት ነው የመጡት?» እያልን በጥያቄ አጣደፍናቸው። እሳቸውም «ልጆቼ፣ በዚያ ሰዓት ስም ይጠየቃል?» አሉ። ቀጠል አድርገውም «እናንተስ የት ነበራችሁ? ውሻው ሲጮህ አልሰማችሁም?» ብለው ጠየቁን። መልስ የሰጠ አልነበረም። ሰምተን ነበር። መብራታችንን አጥፍተን፣ መቀርቀሪያችንን አጥብቀን፣ ተራው የእኛ እንዳይሆን እየጸለይን አድረን ነበር።

ስለዚህ ኮሚቴው «ይክፈሉ አይክፈሉ» ወደሚለው ከመሄዱ በፊት ሕጉ ምን እንደሚል ማየት ይገባል ብሎ ተስማማ። እኛ ጠበቆች አይደለንም። ከመካከላችን ያሉ የተማሩ ልጆች ከሕግ መጻሕፍቱ አውጥተው ያነበቡልንን፣ እኛም ደጋግመን የተከራከርንበትን ነው የምናቀርበው።

በመጀመሪያ፣ ቤት አይደፈርም የሚለው ሐሳብ ትናንት ከውጭ አገር የመጣ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን ሕግ ከፈቀደው በቀር የሰው ቤት እንዳይበረበር ደንግጎ ነበር። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም ይህንኑ አጽንቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 13 የሰው መኖሪያ የማይደፈር መሆኑን፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ሕግ ካዘዘው በስተቀር ማንም ሊገባበትም ሆነ ሊበረብረው እንደማይችል ይናገራል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 26 ቤትን ብቻ ሳይሆን ሰውነትንና ንብረትንም ከፍተሻ ይጠብቃል፤ ባለሥልጣኖችም ይህን መብት የማክበርና የማስከበር ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። አራት መንግሥታዊ ሰነድ፣ ስድሳ ምናምን ዓመት፤ ቃሉ አልጠፋም። የጠፋው ቃሉን በደጃፍ ላይ የሚናገረው ሰው ነው።

ከዚያ በፊትስ እንዴት ነበር? አረጋውያን አባቶቻችን ከወላጆቻቸው የሰሙትን ያስታውሱ ይሆናል። ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ይሰጠውና አእምሮውን ሲስት በወገቡ በመቀነት ተይዞ በመንደሩ ይለቀቃል። እየሮጠ ከሰው ቤት ይገባል፤ ከአንዱ ይወጣል፤ ከሌላው ይገባል፤ በመጨረሻ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ የተሰረቀውን ይከፍላል። ማስረጃ አይጠየቅም፣ ዳኛ አያየውም። በኋላ መንግሥት ከለከለው፤ ደግ አደረገ። ነገር ግን እስቲ እናስበው፤ ስሙ በማይታወቅ ሰው ጥቆማ ብቻ በሌሊት ወደ ሰው ቤት መግባት ከዚያ ልጅ ሩጫ በምን ይለያል? የሚለየው በመካከል ዳኛ ሲኖር ነው። ጠቋሚው ያለውን ዳኛ ሰምቶ፣ አመዛዝኖ፣ «ይህ ያስበረብራል» ወይም «አያስበረብርም» ሲል ነው።

ይህንን ዳኛ የሚያመጣው ሕግ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ቁጥር 32ንና ቁጥር 33ን ያዙ፤ የዛሬው ንግግራችን ዋና ነገር ያለው እዚያ ነው። ፖሊስ የብርበራ ትእዛዝ ሳይዝ የማንንም ቤት መበርበር አይችልም። ትእዛዙን የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው። የፖሊስ አዛዥ አይደለም፣ የቀበሌ ሹም አይደለም፣ ሚሊሻም አይደለም። ማንኛውም ፍርድ ቤት ሊሰጥ ይችላል፤ ይህም ማለት ፖሊስ ለዚህ ጉዳይ ሩቅ አገር መሄድ አይጠበቅበትም፣ የወረዳው ፍርድ ቤት በቂ ነው። ፍርድ ቤቱ ግን ብርበራው ለፍትሕ ሥራ የሚጠቅም መሆኑን ሳያምንበት መስጠት የለበትም።

ትእዛዙም ዝም ብሎ «ግቡ» የሚል ወረቀት አይደለም። የሚፈለገው ዕቃ ምን እንደሆነ በዝርዝር መጻፍ አለበት። ፖሊሱም በትእዛዙ ላይ ከተጻፈው ዕቃ ውጭ ሌላ መያዝ አይችልም። የጠመንጃ ትእዛዝ ይዞ የመጣ ሰው የእድር ሣጥን አንሥቶ የሚሄድበት ሕግ የለም። በሬ ጠፋ ተብሎ የመጣ ሰው ደግሞ መሶብ የሚከፍትበት ምክንያት ምን እንደሆነ ለናንተው እንተወዋለን። (ይህን ስንል በኮሚቴው ስብሰባ ላይ አንድ አባታችን «ጥጃ ከሆነስ?» ብለው አስቀውናል።)

ሰዓትም አለው። ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካላዘዘ በቀር ብርበራ የሚደረገው ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ማታው 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ነው። ጀንበር ከወጣች እስክትጠልቅ ማለት ነው። ሌሊት 8 ሰዓት የመጣ ሰው ትእዛዝ ቢኖረው እንኳ፣ በዚያ ትእዛዝ ላይ «በሌሊት» የሚል የፍርድ ቤት ቃል መኖር አለበት። ሕግ አውጪው ይህን ያለ ነገር አልጻፈውም። በሌሊት የመጣውን መለየት አይቻልም። ጎረቤት አይወጣም። ልጆች ይደነግጣሉ። ሌባና ፖሊስ በጨለማ አንድ ይመስላሉ፤ የኛም ጣጣ የመጣው ከዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ሕጉ ለፖሊስ የከፈተውን በር እንናገር፤ ያንን ደብቀን ግማሹን ብቻ ብንነግራችሁ ነገ በደጃፋችሁ ላይ እናሳስታችኋለን። ያለ ትእዛዝ መግባት የሚቻልባቸው ሁለት ሁኔታዎች አሉ። አንደኛው፣ ፖሊስ ወንጀለኛን እግር በእግር ሲከታተለው ሰውየው ሮጦ ከቤት ከገባ ወይም የወንጀሉን ዕቃ ከቤት ውስጥ ከጣለ ነው። ይህ ግልጽ ነው፤ «ቆይ ዳኛ ልጠይቅ» ቢል ሰውየው በጓሮ ይወጣል። ሁለተኛው ግን ሰፋ ያለ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰውም እሱ ነው። ከሦስት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል አቤቱታ ወይም ክስ ቀርቦ ከሆነ፣ ለዚያ ወንጀል ማስረጃ የሚሆን ዕቃ በአንድ ቦታ ተደብቋል ተብሎ ለፖሊስ ቢነገርና ትእዛዝ እስኪመጣ ዕቃው ይሸሻል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ካለው መግባት ይችላል። ልብ በሉ፤ እነዚህ ነገሮች አንድ ላይ መገኘት አለባቸው። ቀላል ጥፋት ከሆነ አይሆንም። አቤቱታ ያልቀረበበት ጉዳይ ከሆነ አይሆንም። ፍርድ ቤቱ ክፍት ሆኖ፣ ዕቃውም የትም የማይሄድ ሆኖ ሳለ «ቸኩለን ነው» ማለትም አይሆንም።

በኛ በደምቢያ ብርበራ ሲባል ብዙውን ጊዜ ወሬው የመሣሪያ ነው። የመሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፤ ይህን ማንም እንዳይዘነጋ። የተከለከለ ነገር በቤት አኑሮ «መብቴ ተነካ» የሚል ሰው ኮሚቴው ከጎኑ ይቆማል ብሎ ተስፋ አያድርግ። ነገር ግን ሕጉን የጣሰ ሰው ቤትም ቢሆን የሚበረበረው በሕግ ነው።

ስለ ገላ ፍተሻም አንድ ቃል። የተያዘ ሰው የሚፈተሸው ለተጠረጠረበት ወንጀል ማስረጃ የሚሆን ነገር በገላው ላይ አለ ተብሎ በምክንያት ሲጠረጠር ነው። ፈታሹም እንደ ተፈታሹ ጾታ መሆን አለበት፤ ሴትን ሴት፣ ወንድን ወንድ። እናቶቻችንና እኅቶቻችን ይህን አጥብቃችሁ ጠይቁ። ማፈር የሚገባው ጠያቂዋ ሳትሆን ይህን የሚጥሰው ሰው ነው።

እንግዲህ ከሁሉ ይልቅ ልንነግራችሁ ወደፈለግነው ደረስን። ቁጥር 33 ፖሊስ የያዘውን ዕቃ በዝርዝር እንዲጽፍ ያዛል። የሚቻል ሲሆንም ይህን ዝርዝር ገለልተኛ የሆነ ሰው አይቶ እንዲፈርምበት ይላል። ገለልተኛ ሰው ማለት ማን ነው? ከፖሊስ ወገን ያልሆነ፣ ከቤቱም ሰው ያልሆነ። በሌላ አነጋገር ጎረቤት ማለት ነው። ሕጉ ለኛ፣ በራችንን ዘግተን ላደርነው ሰዎች፣ ቦታ አዘጋጅቶልን ነበር። በዚያ ሌሊት ከመካከላችን አንድ ሰው ፋኖስ ይዞ ወጥቶ «ምንድን ነው? እኔ ጎረቤት ነኝ፤ የምትወስዱትን ልይና ልፈርም» ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ሰዎቹ ሌቦች ከሆኑ ምናልባት ይሸሹ ነበር፤ ፖሊሶችም ከሆኑ የሣጥኑ ነገር በወረቀት ይሰፍር ነበር። ይህ ፊርማ የሚጠቅመው ባለቤቷን ብቻ አይደለም። ሥራውን በንጹሕ ልብ የሚሠራ ፖሊስ «ያላገኘውን አገኘሁ አለ፣ ገንዘብ ወሰደ» ተብሎ እንዳይታማ የሚያድነው እሱው ዝርዝር ነው።

«ምነው፣ እንዲያው በደል ቢደርስ ፍርድ ቤት አለ አይደል?» የሚል ሰው አይጠፋም። አለ። ያለ ሥልጣን ወይም የሕጉን ሥርዓት ሳይጠብቅ የሰውን ቤት የሚበረብርን የመንግሥት ሠራተኛ የወንጀል ሕጉ ይቀጣል፤ በፍትሐ ብሔርም ካሣ መጠየቅ ይቻላል። ዳሩ ግን ማንን ትከሳለህ? ስሙን አታውቅ፣ ቁጥሩን አላየህ፣ ወረቀት የለህ። ሌላም ነገር አለ። የውጭውን አገር ታሪክ ጥቂት ብናነሣ ነገሩ ይበልጥ ይገባናል።

በአሜሪካ፣ ኦሃዮ በሚባለው ክፍለ ግዛት፣ ክሊቭላንድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1957 ዶልሪ ማፕ የምትባል ሴት ቤት ፖሊሶች መጡ። በቦምብ ጉዳይ የሚፈለግ ሰው ፍለጋ ነበር የመጡት። ሴትዮዋ ጠበቃዋን በስልክ ጠየቀችና «ትእዛዝ ካላሳያችሁኝ አላስገባም» አለች። ከሰዓታት በኋላ በርከት ብለው ተመልሰው በሩን ሰብረው ገቡ። «ትእዛዙ የት አለ?» ብትል አንዱ አንድ ወረቀት ከፍ አድርጎ አሳያት። ነጠቀችው፤ በደረቷም ወሸቀችው። ታግለው መልሰው ወሰዱባት። ያ ወረቀት በኋላ በፍርድ ቤት አልቀረበም። በመጨረሻ የተከሰሰችው ስለ ቦምቡ ሳይሆን በቤቷ ተገኙ በተባሉ ጸያፍ መጻሕፍት ነበር፤ ተፈረደባትም። ጉዳዩ እየተንከባለለ ከአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1961፣ ከቤት በሕገ ወጥ ብርበራ የተወሰደ ዕቃ በክፍለ ግዛት ፍርድ ቤቶችም ማስረጃ አይሆንም ተብሎ ፍርዱ ተሻረላት።

እኛም ያንን የሥነ ሥርዓት ሕጋችንን ያወጣነው እነሱ በሚቆጥሩት በዚያው በ1961 ነው። ሕጋችን ግን ያለ ትእዛዝ የተገኘ ዕቃ በማስረጃነት አይቀርብም ብሎ በግልጽ አልጻፈም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 በግዳጅ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ይናገራል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሰውን ሳያስገድዱ፣ ቤቱን ብቻ ያለ ትእዛዝ በርብረው ያገኙትን ዕቃ ዳኛው አውጥቶ ይጥለዋል ብለን ተማምነን መተኛት አንችልም። በሌላ አገር የተጣሰ ደጃፍ በችሎት ሊጠገን ይችል ይሆናል። በኛ አገር ግን አብዛኛው ነገር የሚያልቀው እዚያው ደጃፍ ላይ ነው፤ በወረቀቱ፣ በሰዓቱ፣ በዝርዝሩና በጎረቤቱ።

ማኅበር ብለን ስንሰበሰብ አንድ መራራ ነገርም ማስታወስ ይገባናል። ቀበሌ የሚባለው በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በታወጀ ጊዜ የተቋቋመው ለሠፈር ሰው ጥቅም ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ምን ሆነ? በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕዝቡ ከቤቱ እንዳይወጣ ተደርጎ ቤት ለቤት አሰሳ ሲካሄድ፣ ከአሳሾቹ መካከል የቀበሌ ጥበቃዎች ነበሩበት። መሣሪያ ብቻ አልነበረም የሚፈለገው፤ የጽሕፈት መኪና፣ የማባዣ መኪና፣ ወረቀት ሁሉ ሰውን ያስይዝ ነበር። ቀይ ሽብር በጎንደርም ምን እንዳደረገ በዚህ አዳራሽ የተቀመጡ ታላላቆቻችን ከኛ ይበልጥ ያውቁታል። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤት የደርግ መሪዎችን በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ሲላቸው ነገሩ በመዝገብ ተዘግቷል። የጎረቤቱን ቤት የበረበረ ጎረቤት ግን ከዚያ በኋላም በአንድ ሠፈር፣ በአንድ እድር ኖሯል። ስለዚህ ሠፈር ሲደራጅ ለምን እንደሚደራጅ ማወቅ አለበት። እኛ የምንወጣው የሰው ቤት ልንበረብር፣ ሰውም ልንጠቁም አይደለም፤ አይተን ልንፈርም ነው።

ስለ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ብዙ ጥያቄ ቀርቦልናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 እንዲህ ያለ አዋጅ ሲታወጅ የማይነኩ መብቶችን ጥቂት አንቀጾች ጠቅሶ ይዘረዝራል፤ አንቀጽ 26 ከነሱ ውስጥ የለም። ስለዚህ በአዋጅ ጊዜ የቤት መከበር ሊገደብ ይችላል፤ ተገድቦም ያውቃል። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በታወጀው ጊዜ፣ እንደገናም ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልላችን ምክንያት በታወጀው ጊዜ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መበርበር ተፈቅዶ ነበር። የኋለኛው ለስድስት ወር ታውጆ በጥር 2016 ዓ.ም. በአራት ወር ተራዝሞ በግንቦት መጨረሻ ጊዜው አብቅቷል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አዋጁ በወረቀት ላይ ያበቃል፤ ልማዱ ግን በሰው ላይ ይቀራል። ፈታሹም ትእዛዝ የመጠየቅን ነገር ይረሳል፤ ተፈታሹም ትእዛዝ አሳዩኝ የማለትን ነገር ይረሳል። ያች እናታችን «ትእዛዝ አላችሁ?» ለምን እንዳላሉ ስንጠይቃቸው «ድሮ ነበር እኮ እሱ» ነው ያሉን። ድሮ አይደለም። አዋጅ ከሌለ ቁጥር 32 እና 33 ዛሬም የሚጠየቁ ናቸው። በሽብር ጉዳይ ከሆነ የተለየ ሕግ እንዳለም እወቁ፤ የ2001ዱ የፀረ ሽብር አዋጅ በፖሊስ የበላይ ፈቃድ ብቻ ድንገተኛ ፍተሻ ይፈቅድ ነበር፣ በ2012 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተክቷል።

የእጅ ስልክን በሚመለከት ወጣቶች የጠየቁንን በአጭሩ እንመልስ። ሕገ መንግሥቱ ደብዳቤን ብቻ ሳይሆን በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትንም ከመደፈር ይጠብቃል። ስልክ ኪስ ውስጥ ያለ ቤት ነው፤ እንዲያውም ከቤት ይልቅ ብዙ ነገር አለበት። «ክፈትና አሳየኝ» የሚል ሰው ሲገጥም በእርጋታ «ትእዛዝ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በኬላ ላይ፣ መሣሪያ በያዘ ሰው ፊት፣ ከዚያ አልፎ መታገል ግን የሚመከር አይደለም። ልጆቻችን ሆይ፣ ስልክ ይተካል፤ እናንተ አትተኩም።

ይህንኑ ምክር ለሁሉም እንደግመዋለን። ትእዛዝ ለያዘ ፖሊስ በር መከልከል አይገባም። ሕጉ በር ሲከለከል ተመጣጣኝ ኃይል ተጠቅሞ እንዲገባ ይፈቅድለታል። ትእዛዝ የሌለው ቢሆንም እጅ ማንሣት፣ መሳደብ፣ ዱላ መያዝ የባለቤቱን ጉዳይ ያበላሻል። አባቶቻችን «በሕግ አምላክ!» ሲሉ የሚሮጥ ሰው ይቆም ነበር፤ ጉልበት አልነበረም ያቆመው። ዛሬም መጀመሪያ ይህን በሉ፦ «በሕግ አምላክ፣ ከየት ነው የመጣችሁት? የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካለ ይነበብልኝ።» ማንበብ የማይችል ሰው ለማንበብ የሚችል ጎረቤት ይጥራ። አንቀበልም ካሉና ከገቡ፣ በሩ ላይ ቁሙና እዩ። ሰዓቱን ያዙ። ስንት እንደሆኑ ቁጠሩ። የመኪና ሰሌዳ ካለ ልጆች ያስታውሱት። ሲወጡ «የወሰዳችሁትን ጻፉልኝ» በሉ። ካልጻፉ እናንተው ወዲያውኑ ጻፉ፣ ጎረቤትም ይፈርምበት፤ በማግሥቱ ጧት ያንን ይዞ ወደ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ዐቃቤ ሕግ ወይም ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን ከሚሄድ ሰው ይለያል።

እንግዲህ ወደ ሣጥኑ እንመለስ። ኮሚቴው ሁለት ማታ ተከራክሮ የደረሰበትን ውሳኔ ለዚህ ጉባኤ ያቀርባል። እናታችን የአራት ወሩን መዋጮ እንዲከፍሉ አይጠየቁም። ገንዘቡ የጠፋው በእሳቸው ቸልተኝነት አይደለም። ቸልተኝነት ከተባለ ሁላችን እንካፈለዋለን፤ ስለዚህ ጉድለቱ በየአባሉ ተከፋፍሎ በሦስት ወር ውስጥ ይሟላል። «እኔ ሩቅ ነው ቤቴ፣ አልሰማሁም» የሚል አባል ካለ ድርሻውን ኮሚቴው ይሸፍንለታል፤ እስካሁን ግን እንዲህ ብሎ የመጣ የለም። የጠፋው መዝገብ ከየአባሉ ደረሰኝ እየታየ እንደገና እየተጻፈ ስለሆነ ደረሰኝ ያላችሁ ሁሉ አምጡ። ደረሰኛቸውን በዕጣን መጠቅለያ ያደረጉ አባሎች መኖራቸው ተሰምቷል፤ እነሱም ቢሆኑ ይምጡና በቃላቸው ይመዝገቡ።

ሁለተኛው ውሳኔ ይህ ነው። በየረድፉ ሁለት ሁለት ሰው፣ ከተቻለ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ምስክር ሆነው እንዲመረጡ ነው። ሥራቸው አንድ ብቻ ነው፤ በረድፋቸው ውስጥ በማንም ቤት ብርበራ ሲደረግ መብራት ይዘው መውጣት፣ ራሳቸውን ማስተዋወቅ፣ ማየት፣ መጻፍ፣ መፈርም። ክርክር አይገቡም፤ ስለ ቤቱ ሰው ጥፋት አይጠየቁም፣ አይናገሩም። በሌሊት ለመውጣት የሚፈራ ሰው እንዳለ እናውቃለን፤ እኛም እንፈራለን። አንድ ሰው ብቻውን ከሚወጣ ግን ከየበሩ አንድ አንድ ሰው ቢወጣና ከደጃፉ ሳይርቅ ቢቆም ይሻላል። ኮሚቴውም ይህንን ለወረዳው ፖሊስና ለአስተዳደሩ በደብዳቤ አስታውቆ፣ ምስክሮቹ ሁከት ፈጣሪዎች ተብለው እንዳይያዙ ከወዲሁ ለማስረዳት ተስማምቷል።

የቁጥር 32 እና የቁጥር 33 ግልባጭ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ በእድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። የዝርዝር መጻፊያ ደብተሮች ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ባለው ሱቅ ተቀምጠዋል፤ በየረድፉ የተመረጡ ምስክሮች እየፈረሙ ይውሰዱ። እስክሪብቶ ግን ከየቤታችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ባለፈው ወር ያስቀመጥናቸው ሦስቱም ተወስደዋል፣ ማን እንደወሰዳቸውም የጻፈ የለም።